መንገዱን የዘጋው ማን ነው?

እዚህ ሆላንድ ስለ ጦርነት ወሬ ከተነሳ ረሃብ መነሳቱ አይቀርም። እኔ የመጣሁት ስሟ ከረሃብ ጋር ከተያያዘ አገር ስለሆነ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ግራ ገባኝ። እነሱ ግን እ.ኤ.አ. ከ1944 ወደ 1945 የተሻገረውን ያን የብርድ ወቅት «የረሃብ ክረምት» ብለው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያስተምሩበታል።

ታሪኩ አጭር ነው። በመስከረም 1944 ለንደን በስደት የነበረው መንግሥታቸው የባቡር ሠራተኞች ሥራ እንዲያቆሙ ጥሪ አደረገ። አገሩን ይዘው የነበሩት ጀርመኖች በብቀላ ወደ ምዕራቡ ክፍል ምግብ እንዳይገባ ከለከሉ። በኋላ ክልከላውን ትንሽ ላላ ቢያደርጉትም ቦዮቹ በረዶ ሆኑና ጀልባ አላሳልፍ አሉ። አምስተርዳም፣ ሮተርዳምና ዘ ሄግ ውስጥ የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ። ቆይቶም ወደ 500 ገደማ ደረሰ። ሰው የቱሊፕ አበባ ሥር ቀቅሎ በላ። ለማገዶ ብሎ በትራም ሐዲድ መካከል የተነጠፈውን እንጨት ነቀለ። ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ።

ጎረቤቴ አንድ አዛውንት ሴት ናቸው። እናታቸው የሰርግ አንሶላዋን ጠቅልላ፣ ጎማ በሌለው ብስክሌት ገበሬ ቤት ድረስ ሄዳ በድንች ለውጣ እንደመጣች አጫውተውኛል። ከሁሉ በላይ ልብ ያልኩት አነጋገራቸውን ነው። በረዶ ነበር፣ ብርዱም ከባድ ነበር። እሳቸው ግን «ዓመቱ ክፉ ነበር» ብለው አያልፉም። «ጀርመኖች ዘጉብን» ነው የሚሉት። እዚህ አገር የማንንም አፍ ብትሰሙ ረሃቡ አድራጊ አለው።

አክስቴ ያደገችው ሰሜን ወሎ ነው። የሰባ ሰባትን ነገር በስልክ ስጠይቃት ሁሌም የምትጀምረው በአንድ ቃል ነው፤ «እግዜር ተቆጣን»። ዝናቡ መቅረቱ እውነት ነው። ትንሽ ቆይታ ግን ሌላ ነገር ትጨምራለች። ገበያው የሚቆመው በሌሊት ነበር። ቀን ላይ ሰው ከተሰበሰበ አውሮፕላን ይመጣል። እህል የሚገዛው በጨለማ በእጁ እየዳበሰ ነው። በሬ የሚገዛው ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን መለየት ስለማይችል ዋጋውን ይሰብራል። በሬውን ሸጦ ልጆቹን ለማብላት ሁለት ቀን በእግሩ የመጣው ገበሬ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል። ይሄን ሁሉ ነግራኝ ስትጨርስ መልሳ «ምን ይደረግ፣ የላይኛው ነው» ትላለች።

አክስቴን ልወቅሳት አልችልም። የሆነባትን ነው የምትናገረው፤ ጥያቄውን ያልጠየቅነው እኛ የተማርነው ነን። ሰው በጦርነት እንዴት እንደሚራብ ለመረዳት ከዚያ የሌሊት ገበያ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። የግድ እህል ማቃጠል አያስፈልግም። ገበሬው ገበያ እንዳይወጣ፣ በሬውን እንዳይሸጥ፣ ሌላ አገር ሄዶ የቀን ሥራ እንዳይሠራ ማድረግ ይበቃል። የቀረውን ድርቁ ይጨርሰዋል። በሰኔ 1980 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ሐውዜን ላይ የሆነው ግን ቀን ነው፤ ገበያው ሞልቶ ሳለ በደርግ አውሮፕላን ተደበደበ። ከዚያ በፊት በሰባ ሰባቱ ጊዜም ተቃዋሚዎች በያዙት መሬት ለነበረው ሕዝብ እርዳታ በመንግሥት በኩል አልደረሰም። እህሉ ከሱዳን ድንበር ተሻግሮ በሌሊት በመኪና ነበር የሚገባው።

በዚያ ረሃብ ስንት ሰው ሞተ? አንዱ 400,000 ይላል፣ ሌላው 1 ሚሊዮን። በሁለቱ ግምቶች መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ስድስት መቶ ሺህ ሰው ነው። እዚህ ግን በረሃቡ ክረምት አምስተርዳም ሆስፒታል ውስጥ የተወለዱ ሕፃናት መዝገብ ዛሬም አለ። ተመራማሪዎች ልጆቹን አድገው፣ አርጅተው ተከታትለዋቸዋል። በእናታቸው ማሕፀን ሳሉ የተራቡት በኋላ ለልብ ሕመምና ለስኳር እንደተጋለጡ ዓለም ያወቀው ከዚያ መዝገብ ነው።

እነሱም ሁሉን አስታውሰዋል ማለት ግን አይደለም። በዚያው ጦርነት ቅኝ ግዛታቸው በነበረችው ጃቫ፣ በጃፓኖች አገዛዝ ሥር በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በረሃብ ሞቷል። ሜይ 4 ቀን ማታ አገሩ ሁሉ ለጦርነት ሙታን ሁለት ደቂቃ ቀጥ ብሎ ሲቆም ስለ ጃቫ የሚያነሳ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

ሕጉም ቢሆን ዘግይቶ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1863 የወጣው የአሜሪካ ጦር መመሪያ ጠላትን፣ የታጠቀውንም ያልታጠቀውንም፣ ማስራብ ሕጋዊ ነው ይል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኑረምበርግ የቀረቡት የጀርመን ጄኔራል ፎን ሌብ የሌኒንግራድን ከበባ የጀመሩ አዛዥ ናቸው። እዚያ ያለቀው ሰላማዊ ሰው ወደ ሚሊዮን ይጠጋል። ዳኞቹ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲፈርዱ ሕጉ ሌላ ቢሆን እንመኝ ነበር፣ ግን ያገኘነውን ሕግ ነው የምንሠራበት ብለው በዚያ ጉዳይ ሳይቀጧቸው ቀሩ። ከናይጄሪያ ለመገንጠል የተዋጋችው የቢያፍራ የተራቡ ልጆች ፎቶ በዓለም ከተሰራጨ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ሰላማዊ ሰውን ማስራብን የጦርነት ዘዴ ማድረግ በግልጽ ከለከሉ። አንደኛው በአገሮች መካከል ላለ ጦርነት ነው፣ ሁለተኛው ለእርስ በርስ ጦርነት። ኢትዮጵያ ሁለቱንም በ1986 ዓ.ም. ተቀብላለች። የራሳችን የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 270 የሕዝብን ምግብ፣ ሰብል፣ ከብትና የመጠጥ ውኃ ማውደምን ከጦር ወንጀል ይቆጥራል።

ስለዚህ ትግራይ ላይ የሆነው ሲሆን ሕግ አልነበረም ማለት አይቻልም። በሰኔ 2013 የተባበሩት መንግሥታት 350,000 ሰው በመጨረሻው የረሃብ ደረጃ ላይ እንዳለ ተናገረ። ባንክ ተዘጋ፣ መብራትና ስልክ ተቆረጠ። በቀን ወደ 100 የጭነት መኪና ያስፈልጋል እየተባለ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 2014 በመንገድ የገባ የእርዳታ እህል አልነበረም። በመስከረም 2015 የተመድ መርማሪ ኮሚሽን የፌዴራሉ መንግሥት ረሃብን እንደ ጦር ዘዴ እንደተጠቀመ ለማመን በቂ ምክንያት አለ አለ። መንግሥት ሪፖርቱን አልቀበልም አለ። ወዲህ ደግሞ በኅዳር 2014 መጨረሻ ኮምቦልቻ የነበረው የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘን ተዘረፈ። ተመድ በዋናነት የጠቀሰው የትግራይ ኃይሎችን ነው። በዚህ ምክንያት ኮምቦልቻና ደሴ ላይ የእህል እደላው ቆመ። የወሎ ተፈናቃይ ራብ ከትግራይ እናት ራብ አይለይም። ዳያስፖራው ግን አንዱን ሲያለቅስለት ሌላውን ይክዳል። እዚህ በየሰልፉ ያየሁት ይሄንን ነው፣ በጣምም ያመኛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ወንጀል ለመባል የግድ ሰው በረሃብ መሞት አያስፈልግም። ሕጉ የሚያየው ለሕይወት የግድ የሆነውን ነገር ሆን ብሎ መንፈግን ነው። ከባዱ «ሆን ብሎ» የሚለውን ማስረዳት ነው። ያገደ ሁሉ «መንገዱ አያስተማምንም»፣ «እየፈተሽን ነው» ይላል። መፈተሽ ይፈቀዳል። ሦስት ወር ሙሉ አንድም መኪና አለማሳለፍ ግን ፍተሻ አይደለም።

እስከ ዛሬ በዚህ ወንጀል ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የፈረደበት ሰው የለም። ዘ ሄግ ያለው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ማስራብን ጠቅሶ የመጀመሪያውን የእስር ማዘዣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ነው፤ በጋዛ ጉዳይ፣ በእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁና በቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ጋላንት ላይ። ኢትዮጵያ የዚያ ፍርድ ቤት አባል ስላልሆነች የእኛን ጉዳይ ዘ ሄግ ይዳኘዋል ብለን ቁጭ ማለት አንችልም። ደርግ ሲፈረድበትም ዋናው ክስ የቀይ ሽብር ግድያ ነበር።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አገር ቤት ያለፉ በደሎች የሚታዩበት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸድቋል። ክስ የሚመሠረት ከሆነ ማስራብ ከግድያና ከዘረፋ ሥር ተወሽቆ ሳይሆን ራሱን ችሎ ይቅረብ እላለሁ። ማስረጃው ሩቅ አይደለም። የትኛው መኪና በየትኛው ቀን ኬላ ላይ እንደቆመ የጭነት ወረቀት አለው። የታገደበት ደብዳቤ ፈራሚ አለው። ሾፌሮቹ በሕይወት አሉ፤ ጤና ጣቢያ ላይ ረሃቡ ምን ያህል እንደጎዳቸው ለማወቅ የሕፃናቱን ክንድ ሲለኩ የከረሙት ነርሶችም አሉ። ዛሬውኑ ቃላቸው ይመዝገብ።