አልዩ አምባን የዘለለው የአንኮበር ታሪክ

ስለ አንኮበር ብዙ ተጽፏል፤ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፦ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ መሆኗ፣ የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ፣ ከዚያ ወደ አፋር ሜዳ የሚታየው አስደናቂ ገደል። ከደብረ ብርሃን የሚመጣው ጎብኚም ወደ ቀድሞው ቤተ መንግሥት ቦታ ወጥቶ፣ እዚያ በተሠራው ሎጅ ቡናውን ጠጥቶ፣ ቁልቁል ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። ፎቶግራፍ ያነሣው ያ ቆላ ለቤተ መንግሥቱ ጨውና ጨርቅ፣ ጠመንጃና ቀረጥ ያስገባ እንደነበር የሚነግረው ግን የለም። አልዩ አምባን ሳያነሡ የአንኮበርን ታሪክ መተረክ እንግዳን እልፍኝ አስገብቶ ጓዳውን እንደመደበቅ ነው።

አልዩ አምባ ከአንኮበር በታች፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ፣ አናቱ ጠፍጣፋ በሆነ አምባ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ገደል ስለሆነ ቤቶቿ በአምባው ጀርባ ተጠጋግተው ቆመዋል። ቦታው እንዲሁ በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስለኝም። ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ሲራራ ነጋዴ ግመሎቹን ይዞ ከተዳፋቱ ግርጌ እስካለችው መንደር እስከ ፋሬ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ያለውን አቀበት ግመል አይደፍረውም፤ ስለዚህ ጭነቱ በሰው ትከሻና በበቅሎ ጀርባ ይወጣ ነበር። ከበረሃ የመጣው ዕቃ ከደጋ ከወረደው ጋር የሚገናኝበት መካከለኛ ቦታ አልዩ አምባ ሆነ።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1805 ዓ.ም. ገደማ እስከ 1840 ዓ.ም.፣ በዚህች አምባ በየዓርቡ የሚቆመው ገበያ በሸዋ ከታወቁት አንዱ ነበር። ከታች ጨው፣ የባሕር ማዶ ጨርቅ፣ መዳብና ዶቃ ይመጣል፤ ከላይ እህል፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወርዳል፤ ሒሳቡ በማርትሬዛ ብርና በአሞሌ ጨው ይወራረዳል። አሞሌው የሚበላም የሚመነዘርም ስለነበር ሻጩ የተሸረፈውን አልቀበልም ሲል ጠቡ ሳይነሣ እንደማይቀር መገመት አያስቸግርም። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ከሐረር የመጣው ነጋዴ፣ ከደጋ የወረደው አማራ ሁሉም እዚህ ይገናኙ ነበር። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሐሪስም በ1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመው ይህንኑ የበረሃ መንገድ ተከትሎ መጥቶ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው የአልዩ አምባና የዙሪያዋ መንደሮች ሕዝብ ከቤተ መንግሥቱ ጋር የነበረው ግንኙነት ይመስለኛል። የአካባቢው አርጎባዎች ሙስሊሞች ናቸው፤ ታሪካቸውም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተነሣው ከይፋት ሱልጣኔትና ከወላስማ ሥርወ መንግሥት ጋር የተያያዘ ነው። ያ ሥርወ መንግሥት ከነዐፄ አምደ ጽዮን ጋር ክፉኛ ተዋግቷል። ሆኖም ከ500 ዓመት በኋላ ክርስቲያኑ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይፋትን ያስተዳደረው በዚያው በጥንቱ የማዕረግ ስም በሚጠራ ሙስሊም ሹም፣ በወላስማ መሐመድ ነው። ይህ ሹም የበረሃውን በር ብቻ ሳይሆን የጎንቾንም እስር ቤት ይጠብቅ ነበር፤ ንጉሡ ለዙፋኑ የሰጋቸው የገዛ ወንድሞቹ የታሰሩት እዚያ ነበር። ይህን አንሥተው የሃይማኖት መቻቻል አርአያ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የጥቅም ስሌት ነው እላለሁ። ንጉሡ መንገዱን የሚያውቅና ነጋዴው የሚያምነው ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ስሌቱም ሁለቱንም ወገን ጠቅሟል።

ሁሉንም ግን አልጠቀመም። በዚያው አካባቢ አብዱል ረሱል በተባለው ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር፤ ከደቡብና ከምዕራብ የተነዱ ልጆችና ሴቶች በዚሁ መንገድ ወደ ታጁራ ይወርዱ ነበር። ስለ አልዩ አምባ ብልጽግና የሚጽፍ ሰው ይህን ከዘለለ፣ የቤተ መንግሥቱን ታሪክ ብቻ ከሚተርኩት በምንም አይሻልም።

የከተማዋ ውድቀት ፈጣን ነበር። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ሐረርን ያዙ፤ አዲስ አበባም በዚያው ዓመት ተቆረቆረች። በዚያው ዓመት ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ የመጣው ፈረንሳዊ ገጣሚ አርተር ራምቦ አንኮበር ሲደርስ ንጉሡን አላገኛቸውም፤ ሒሳቡን ለመጨረስ እስከ እንጦጦ መሄድ ግድ ሆነበት። ከዚያ በኋላ ንግዱ በሐረር በኩል ዞረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲገባ ደግሞ የታጁራን መንገድ የሚሻ ነጋዴ ብዙም አልቀረም።

ሰዎቹ ግን ከነሙያቸው አሉ። ሸማኔው እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ ከወገቡ በላይ ብቻ እየታየ፣ በእግሩ ድሩን እየከፈተ መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ይልካል፤ ድሩን ከፊቱ አርቆ ወጥሮታል፤ ሥራው እየገፋ በሄደ ቁጥር ከሩቅ እየሳበ ይጠቀልለዋል። በእነዚህ መንደሮች የአርጎባ ቋንቋ በአብዛኛው በአማርኛ ተተክቷል፤ የድሮውን አነጋገር የሚያስታውሱ አዛውንቶች ካሉ ዛሬ ነገ ሳይባል ድምፃቸው መቀረጽ አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ስልክና ታጋሽ ወጣት ነው፤ በጀት እስኪመደብ የሚጠበቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ለጎብኚውም ቢሆን የሚያስፈልገው ሌላ ሎጅ አይደለም። ከአንኮበር ተነሥቶ በአልዩ አምባ በኩል ወደ ፋሬ የሚወርደው የሲራራ መንገድ በእግርና በበቅሎ የሚሄዱበት የጉብኝት መስመር ቢሆን፣ አስጎብኚው የአምባው ልጅ፣ በቅሎውም የአምባው ገበሬ ቢሆን፣ ጎብኚው ቁልቁል የሚያየውን አገር ወርዶ ይረግጠዋል፤ ዛሬ ደጋው ላይ የሚቀረው ገንዘቡም እንደ ድሮው ቀረጥ ሽቅብ ከመውጣት ይልቅ በከፊል እታች ይቀራል።