ኤሊዋ ደብረ ብርሃን ምን ትሠራለች?

ስም አልጠራም። ደብረ ብርሃን ሰፊ ከተማ ብትሆንም በተከራየበት ግቢ ኤሊ የሚያኖር የባዮሎጂ መምህር እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ የሚያውቀው ሳልጠራውም ያውቀዋል። ክርክሩን እንደሰማሁት አወራለሁ፤ የመሰለኝን ደግሞ መጨረሻ ላይ እላለሁ።

ቡናውን ያፈሉት አከራይዋ ናቸው። ረከቦቱን ከበን የተቀመጥነው መምህሩ፣ ኤሊዋን ያመጣለት የአይሱዙ ሹፌር፣ ዕድሜውን በግና ላም ሲያክም የኖረ የእንስሳት ሐኪም፣ አንድ ዲያቆንና እኔ ነን። ኤሊዋ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ትሞቃለች። ቢጫ ላይ ጥቁር ጠቃጠቆ ያለባት፣ በቆላ የምትገኘው ትልቋ ዓይነት ናት። ከኋላ በቀኝ በኩል የድንጋይዋ ጠርዝ ተሸርፏል፤ ስብራቱ ውስጥ ነጣ ያለ አጥንት ይታያል። ሹፌሩ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ሲመጣ አስፋልት ላይ አገኛት፤ ከእሱ ቀድሞ ያለፈ መኪና ጠርዟን ገጭቷት ነበር። ጆንያ ውስጥ አድርጎ፣ በጣርማበር ዋሻ አሳልፎ፣ አምጥቶ ለመምህሩ አስረከበው። መምህሩ እንሽላሊት ለማየት ባጃጅ የሚያስቆም ሰው መሆኑን ያውቃላ!

ጨዋታውን የጀመረው መምህሩ ነው፤ ያውም በስሞታ።

«ሰው አሰለቸኝ» አለ። «የመጣው ሁሉ ‹ከድንጋይዋ ስትወጣ ምን ትመስላለች?› ይለኛል። አትወጣም! የጀርባ አጥንቷና የጎድን አጥንቶቿ ከድንጋዩ ጋር አንድ ሆነዋል፤ ራሱ አካሏ ነው። ልጆቹ ደግሞ እየመጡ ያንኳኩባታል። ሕይወት ያለው አጥንት እኮ ነው፤ ሲነኳት ይሰማታል። ጎረቤት እንጀራ ይወረውርላታል። ሣር በል ናት፣ ሰርዶ አምጡላት ስል ‹ጾም አስያዝካት› ብለው ይስቁብኛል።»

የሁሉ ቁንጮ ግን ሚዛን ይዞ የመጣው ሰውዬ ነው። በር አንኳኩቶ፣ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ «ኤሊ አለ ብለውኝ ነው» አለ አሉ። መንጠቆ ያለው የእጅ ሚዛን ከኮቱ ኪስ ብቅ ብሏል። ከባድ ኤሊ በብዙ ብር የሚገዛ ሰው አለ ሲባል ሰምቷል፤ ማን እንደሚገዛ፣ ለምን እንደሚገዛ ግን አያውቅም። መምህሩ አንድ ክፍለ ጊዜ የሚሞላ ትምህርት ሰጠው። ሰውዬው በጽሞና አዳምጦ ሲያበቃ፣ «ታዲያ ስንት ኪሎ ትሆናለች?» ብሎ ጠየቀ።

ሁላችንም ሳቅን። አከራይዋ ብቻ አልሳቁም።

«እሱስ አንድ ቀን መጥቶ ሄደ» አሉ። «የእኔ ቆጣሪ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጥር ያድራል።»

ለካ የነገሩ ሥር እዚህ ኖሯል። መምህሩ ለጫጩት ማሞቂያ የሚሸጠውን አምፖል ገዝቶ ኤሊዋ ከምታድርበት ሳጥን በላይ ሰቅሎታል። የግቢው ቆጣሪ ደግሞ አንድ ነው፤ ሒሳቡን የሚካፈሉት ሁሉም ናቸው።

«እትዬ፣ እሷ እንደ እኛ ሙቀቷን ከውስጥ አታመነጭም፤ ከውጭ ነው የምታገኘው» አለ መምህሩ። «ሮቢት 1280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እኛ ከ2800 በላይ ነን። ኅዳር ገብቶ ውርጭ ሲወርድ ያለ አምፖል ምን ትሁን?»

«እኔስ ያለ አምፖል አይደል የማድረው?»

«እርስዎን የበሉት ምግብ ራሱ ያሞቅዎታል።»

«ታዲያ ለእሷም የሚያሞቅ ነገር አብላታ!»

«ሙቀት ስለማትሠራበት ነው እኮ በትንሽ ምግብ የምትኖረው። ክብደቷን የሚያህል አጥቢ እንስሳ ከሚበላው አሥረኛው ገደማ ቢደርሳት ይበቃታል።»

«እንግዲያ በጎመን ያተረፍነውን በመብራት ከፈልነዋ!» አሉ አከራይዋ። ዲያቆኑ ሳቁ አምልጦት ቡናውን ቁምጣው ላይ ሊያፈስስ ምንም አልቀረው።

ሹፌሩ ለማስታረቅ ብሎ ይሁን አላውቅም፣ መስኮት ሥር ብትቀመጥስ፣ መስታወቱ ያሞቃት የለም ወይ አለ። መምህሩ ሳይቆጣ ሲናገር እንዴት ደስ እንደሚል ያየሁት እዚህ ላይ ነው። መስታወት ያሞቃል፤ ነገር ግን አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለውን ጨረር ያስቀረዋል። ያ ጨረር ቆዳዋን ካልነካ ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፤ ቫይታሚን ዲ ከሌለ የበላችው ካልሲየም አጥንቷ ጋ አይደርስም፤ ድንጋይዋ እየለሰለሰ ይሄዳል። ስለዚህ ቀን ቀን ደጅ ያወጣታል። ደጋ ላይ ጨረሩ እንዲያውም ይበረታል፤ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። «ፀሐይ አላጣንም» አለ፤ «ያጣነው ሙቀት ነው።»

«‹እሷ› የምትላት ሴት መሆኗን በምን አወቅህ?» ብሎ ሐኪሙ ጠየቀው። ጅራቷ አጭር፣ የሆዷ ቅርፊት ለጥ ያለ ስለሆነ ነው፤ የወንዱ ጅራት ይረዝማል፣ ሆዱም ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይላል። መምህሩ በዚያው ቀጠለ፤ የብዙ ኤሊዎች ጾታ የሚወሰነው እንቁላሉ በተቀበረበት አፈር ሙቀት ነው፣ ሞቅ ካለ ሴት፣ ቀዝቀዝ ካለ ወንድ ይፈለፈላል አለ። ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1966 ዳካር ላይ መጀመሪያ ያስተዋለችው ማድሌን ሻርኒዬ የምትባል ተመራማሪ ስትሆን፣ ያጠናችውም እንሽላሊት ነበር። አከራይዋ ሲኒውን እያጠቡ፣ «እኔ ሴት በሴት የወለድኩት ምድጃ ዳር እየዋልኩ ነዋ!» አሉ።

ከዚያ ጎረቤታቸውን አነሡ። ሴትየዋ ‹ርኩስ ከቤትሽ አሳድረሽ ጠበል ትጠጫለሽ?› ብላቸዋለች። ሁላችንም ወደ ዲያቆኑ ዞርን። መምህሩ ፊቱን ሲያጠቁረው አየሁ፤ ከዚያ በኩል በትር ይመጣብኛል ብሎ ሳይጠብቅ አልቀረም።

«ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ነው የምትለው» አለ ዲያቆኑ ቀስ ብሎ። «እሱ መብላቱን ነው የከለከለ። ነካ የሚለውም በድኑን ነው፤ በድናቸውን የነካ እስከ ማታ ርኩስ ነው ይላል። በሕይወት ላለች ሰርዶ ማብላት ኃጢአት ነው የሚል አላነበብኩም። ከሞተች ግን፣ መምህር፣ ራስህ ትቀብራታለህ።»

መምህሩ ደስታው ሳያልቅ ሐኪሙ ቀበል አደረገና፣ ርኩሰቱን ለዲያቆኑ ልተወውና እጅ መታጠቡ ላይ እኔ ከጎረቤትዎ ጋር ነኝ አለ። ደመ ቀዝቃዛ እንስሳት ራሳቸው ሳይታመሙ ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ተሸክመው ይዞራሉ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ድንጋያቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ትንንሽ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከሉት ልጆች አፋቸው ውስጥ እየከተቱ ሲታመሙባቸው ነው። «ያንኳኩባታል ያልካቸው ልጆች» አለው፣ «ከዚያ በኋላ እጃቸውን ይታጠባሉ?» መምህሩ ዝም አለ።

ነገሩ እዚህ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ለካ አከራይዋ ዋናውን አልተናገሩትም።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉት። «አንተ ትምህርት ቤት ስትውል የማያት እኔ ነኝ። መብራት በሄደ ማግሥት ጎመኑን አትነካውም። ፀሐይ ቢኖርም ዓይኗን ገልጣ ትቀመጣለች እንጂ አፏን አትከፍትም። አንተ ማታ ትመጣና ‹ጠውልጎባት ነው› ብለህ ሌላ ትገዛለህ።»

«አንዳንዴ መብራት ሳይሄድም እኮ አትበላም።»

«እሱን እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«አጠፉት?»

«ለሒሳቡ ብዬ አንድ ማታ አጠፋሁት፤ በነጋታው አልበላችም። እንዲያው ይሁን አይሁን ብዬ ደግሜ አጠፋሁት፤ አሁንም አልበላች። ያልጠፋ ቀን ትበላለች። ጎመኑ ምንም አልሆነ።»

መምህሩ ብድግ አለ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ሊቆጣ ፈልጓል፤ ግን ነገሩ ራሱ ክፍል ውስጥ የሚያስተምረው ዓይነት ሙከራ ሆነበት። ጎመኑ ያው፣ ፀሐዩ ያው፣ የተለወጠው አምፖሉ ብቻ፤ ያውም ተደግሞ የታየ። እሱ ሰላጣ ሲቀያይር ሰንብቷል፤ ሰርዶ ሊያመጣ እስከ ከተማው ዳር ሄዷል።

ሐኪሙ አጸናላቸው። ሆድ ዕቃዋ በደንብ የሚፈጨው ሰውነቷ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ቀዝቅዛ ያደረች እንደሆነ ረፋዱን ሁሉ ለመሞቅ ትፈጀዋለች፤ ሳትሞቅ ብትበላ ደግሞ ምግቡ ውስጧ ይቦካል። «ባለመብላቷ ራሷን ጠበቀች» አለ።

«ይህን እኮ አንብቤዋለሁ» አለ መምህሩ።

«ካነበብከው ጎመኑን ለምን ትቀያይራለህ?» አሉ አከራይዋ። መልስ አልነበረውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘንኩለት እዚህ ላይ ነው።

ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ካመጣሁበት ልመልሳት አለ፤ ወይም ጣርማበርን ወርዶ ሙቀት ከጀመረበት ጥሏት ያልፋል። መምህሩና ሐኪሙ በአንድ አፍ አይሆንም አሉ። ሰው ቤት የከረመች ኤሊ የማታውቀው ቦታ ብትጣል ትጠፋለች፤ በሽታ ይዛ ከሆነም እዚያ ያሉትን ታስይዛለች። መምህሩ ደግሞ የተሸረፈው አጥንት እስኪጠግን ከዓመት በላይ ይፈጃል ብሎ ተከራከረ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየውና፣ «የት ሆና ነው የሚጠግንላት?» አለው። ቁስሏን የሚያድነው የገዛ ሰውነቷ ነው፤ እሱም የሚሠራው ስትሞቅ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ እየደረሰ ነው፤ መብራቱም ይሄዳል።

ሹፌሩ ሮቢት እኅት አለችው፤ ግቢዋ ሰፊ ነው፣ አጥር አለው፣ የበለስ ቁልቋልም ሞልቶበታል። ያንን ደግሞ ይህቺ ኤሊ ትወደዋለች። ሐሳቡን ተናግሮ ሳይጨርስ መምህሩ «ተማሪዎቼስ?» አለ። ቡናው በዚሁ አለቀ፤ በረካውን የጠጣነው ሳንስማማ ነው።

አሁን የእኔን ልበል።

መምህሩ ስለ ኤሊ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ ምሬቱ ግን አልተዋጠልኝም። ከድንጋይዋ ስትወጣ ምን ትመስላለች ያለው ሰው የአካል አሠራር ነው የጠየቀው፤ መልሱም የጎድን አጥንት ድረስ የሚወስድ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በየቀኑ በር ድረስ የሚመጣለት መምህር ሊያማርር አይገባም። ባለሚዛኑ ሰውዬ ሌላ ነው፤ እሱን ማስተማር ሳይሆን በሩን ዘግቶ ለሚመለከተው መናገር ነበር የሚገባው። ግን እንዴት አድርጎ ይናገር? የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ መገኘትን ይከለክላል፤ መምህሩም ፈቃድ የለውም። ተጎድታ መገኘቷ የያዘበትን ምክንያት ያስረዳለት እንደሆነ እንጂ ፈቃድ አይሆነውም። ስለዚህ ሰው ሳይጠቁምበት በፊት ሐኪሙን ይዞ ሄዶ፣ እንዴት እንደተገኘችና ጉዳቷ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ያመልክት።

ያ ካለቀና ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ወደ ሮቢት ትውረድ ባይ ነኝ፤ አስፋልት ዳር ሳይሆን እኅትየው ግቢ፣ ለተገኘችበት በሚቀርበው፣ ያለ አምፖል በሚያድሩበት አገር። ይህን የምለው ለአከራይዋ አድልቼ አይደለም። ራሱ መምህሩ ስለ ሙቀት የተናገረውን ሰብስቤ ብደምረው ሌላ መልስ አላገኘሁለትም። ተማሪዎቹም ቢሆኑ ደብረ ብርሃን ላይ የሚያዩት አፏን ዘግታ የምትውል ኤሊ ነው። አውቶቡስ ተከራይተው ይውረዱና ስትበላ ይዩአት፤ ከዳገቱ አፋፍ እስከ ቆላው ድረስ ዕፅዋቱ ሲለዋወጥ እያዩ መሄዱ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ነው።

አከራይዋ ያደረጉት ሙከራ ውጤቱ የማያጠራጥር ነው፤ የሰው እንስሳ ላይ፣ በብርድ፣ ሳያስፈቅዱ ማድረጋቸው ግን ልክ አልነበረም። አንዴ ባጠፉበት ይቅርታ አደርግላቸዋለሁ። ሁለተኛው ላይ፣ ማወቅ ፈልገው ያጠፉበት ላይ፣ መምህሩም በውስጡ ይቅር ያላቸው ይመስለኛል።

ስለ ቆጣሪው ከአከራይዋ ጋር ነኝ፤ የአምፖሉን ሒሳብ መምህሩ ለብቻው ይክፈል። ያጠፉባቸውን ሌሊቶች ግን ይቀንሱለት።