ማስተካከያ፦ ከኢማክስ በቀጥታ ስለማተም

በሐዋሳ ተማሪዎችና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤቶች ዘንድ ስለ ኢማክስ (ጽሑፍና ኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) የሚዞረው መመሪያ «በኢማክስ የፕሪንተሩን ስም አንድ ጊዜ ከሞላችሁ በዊንዶውስም፣ በሊነክስም፣ በማክም ይሠራል» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም።

ሊነክስና ማክ ላይ ኅትመቱን የሚያስተናግደው ካፕስ የተባለው ሥርዓት ስለሆነ፣ የሚሞላው እዚያ የተመዘገበው ስም ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን ፕሪንተሩ በኔትወርክ የተጋራ ከሆነ፣ በሁለት እዝባር ተጀምሮ መጀመሪያ የኮምፒውተሩ ስም፣ ቀጥሎ የፕሪንተሩ ይጻፋል (//ኮምፒውተር/ፕሪንተር)። አንዱን የኢማክስ ማስተካከያ ፋይል ለሦስቱም መጠቀም የሚፈልግ፣ ኢማክስ የተከፈተበትን ሥርዓት የሚለይ ሁኔታ ይጨምርበት።

ዊንዶውስ ላይ ሌላም ችግር አለ። ኢማክስ ቀለምና ቅርጽ ጠብቆ ሲያትም ፖስትስክሪፕት በተባለ የፕሪንተር ቋንቋ ያመነጫል፤ ብዙዎቹ ርካሽ ፕሪንተሮች ደግሞ ይህን ቋንቋ አያውቁም። ጎስትስክሪፕት የተባለው ፕሮግራም ተጭኖ በመካከል ካልተረጎመ በስተቀር ወይ ምንም አይወጣም፣ ወይ ትርጉም የለሽ ኮድ ወረቀቱን ይሞላዋል። ፕሪንተሩ ተበላሽቷል ብላችሁ ለጥገና አትክፈሉ።

የወረቀት መጠኑም ሳይነካ ሲቀር የአሜሪካው ሌተር ነው፤ ወደ ኤፎር ቀይሩት።

መመሪያው ጨርሶ ያልነካው፣ ለእኛ ግን ዋናው ጉዳይ አማርኛ ነው። የኢማክስ ፖስትስክሪፕት ኅትመት ሳይስተካከል የሚያስተናግደው የላቲን ፊደላትን ብቻ ነው። ቪም የተባለው ሌላ መጻፊያ ፕሮግራም የሚያትምበት ሃርድኮፒ የተባለው ትእዛዝም ሊነክስ ላይ ግዕዝን በትክክል አያወጣም። አማርኛ ያለበትን ፋይል በሊብሬኦፊስ ክፈቱት፣ የግዕዝ ፎንት ምረጡለት፣ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩትና ያንን አትሙ። ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ ስለሚካተት የጽሑፍ ቤቱ ኮምፒውተር ፎንቱ ባይኖረውም ፊደሉ አይለወጥም።