ሦስት ሙያ አይደለም፣ አንድ ነው

ሰሞኑን አንዲት ኬሚስት ባልደረባዬ ለፕሮፌሰርነት ያስገባችው ማመልከቻ ውድቅ ሆነ። የገምጋሚዎቹ ምክንያት አንድ ነው፤ ሥራዋ ተበታትኗል። በካታሊስት ጀመረች፤ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን የማያልቅ ነገር ነው። ከዚያ ወደ ናኖ ቁሶች፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ወዳላቸው ቁሶች ሄደች፣ አሁን ደግሞ ማዕድን ማጣራት ውስጥ ገባች። እዚህም እዚያም ረገጠች እንጂ የኔ የምትለው ሙያ የላትም ነው የሚሉት። ደብዳቤውን ሳነበው ደሜ ፈላ።

የባሰው ደግሞ ማዕድን ማጣራት የመሐንዲስ እንጂ የኬሚስት ሥራ አይደለም የሚለው ነው። ይሄ ውሃ የሚያነሳ ምክንያት አይደለም። ማዕድን በአረፋ ሲለይ አንድ ቀን ቆሞ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ድንጋዩ እንደ ዱቄት ተፈጭቶ ከውሃ ጋር ይቀላቀላል። ዛንቴት የሚባል ኬሚካል ጥቂት ይጨመርበታል፤ ሽታው አፍንጫ ላይ ይቀራል። ከዚያ ከሥሩ አየር ይነፋበታል። እርሳስ (ሊድ) የያዘው ቅንጣት አረፋው ላይ ተለጥፎ ወደ ላይ ይወጣል፤ አረፋው ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ተራው ድንጋይ ታች ይቀራል። ምን ለያቸው? ወፍጮው አይደለም፣ ታንከሩም አይደለም። ዛንቴቱ የአንዱን ቅንጣት ገጽ መርጦ ያዘና ውሃ እንዳይቀበል አደረገው። ይህ ኬሚስትሪ ካልሆነ ኬሚስትሪ ምንድን ነው?

ካታሊስትም ያው የገጽ ጉዳይ ነው። ጋዙ ጠጣሩ ላይ ያርፋል፣ ትስስሩ ይላላል፣ ሌላ ውህድ ሆኖ ይነሳል። ናኖ ሲባልም የበዛ ገጽ ማለት ነው። ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ገጽ አለው። ያንኑ ኩብ ባለ 10 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ኩቦች አድርጋችሁ ብትከፋፍሉት ገጹ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። በክብደት ምንም አልጨመረም። ከምንም ጋር አይዋሃድም የሚባለው ወርቅ እንኳ እንዲህ ሲደቅ ጠባዩ ይለወጣል። ጃፓናዊው ኬሚስት ማሳታኬ ሃሩታ እ.ኤ.አ. በ1987 ይህንኑ አሳይቷል፤ የወርቁ ቅንጣቶች ከዜሮ ዲግሪ በታች ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ጋር አዋሃዱ።

ማዕድንና ካታሊስት አይገናኙም የሚል ካለ ደግሞ የአሞኒያን ታሪክ ያንብብ። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ማዳበሪያ የሚሠራበትን ጋዝ፣ አሞኒያን፣ ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን ሲሠራ ካታሊስቱ ኦስሚየም ነበር፤ በዓለም ላይ እምብዛም የማይገኝ የብረታ ብረት ዓይነት። አልዊን ሚታሽ በጀርመኑ የኬሚካል ኩባንያ በቢ.ኤ.ኤስ.ኤፍ. ሌላ ፍለጋ ገባ። እሱና ረዳቶቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ቅልቅሎችን ሞከሩ። መፍትሔው የመጣው ከየት ነው? ከስዊድን ከወጣ ማግኔታይት ከሚባል የብረት ማዕድን ድንጋይ። ንጹሑ ብረት ሰነፍ ሆኖባቸው ሳለ የማዕድኑ ናሙና ሠራ። ምስጢሩ ድንጋዩ ውስጥ የነበረው ባዕድ ነገር ነው። ዛሬም የአሞኒያ ፋብሪካዎች ብረቱን የሚያሠሩት አሉሚናና ፖታሽ (የአሉሚኒየምና የፖታሲየም ውህዶች) ጨምረውበት ነው። ያ ድንጋይ የየትኛው ክፍል ነው? የካታሊስት ወይስ የማዕድን? ገምጋሚዎቹ ይመልሱልኝ።

አሜሪካዊው ኬሚስት ኢርቪንግ ላንግሙርስ? እ.ኤ.አ. በ1932 በገጽ ኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ወሰደ። ስለ አምፖል ሽቦ ተመራምሯል፣ ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ስስ የዘይት ሽፋን ጽፏል፣ ፕላቲነም ላይ ስለሚካሄድ ለውጥ ጽፏል፣ ማዕድን በአረፋ ስለ መለየትም ጽፏል። በእነዚህ ሰዎች መለኪያ ላንግሙርም ይወድቃል።

አዎ፣ ናኖ የሚለውን ቃል ለገንዘብ ብለው ርዕሳቸው ላይ የሚለጥፉ አሉ። እሷ ግን ከእነሱ ጋር አትቆጠርም። ካታሊስት እንዲሸከምላት ብላ መሥራት የተማረችውን ባለ ቀዳዳ ሲሊካ (አሸዋ የተሠራበት ውህድ)፣ ዛሬ ከማዕድን ማጠቢያ ፍሳሽ መዳብ ትይዝበታለች። ያው ነጭ ዱቄት ነው። አሠራሩን ያወጣችው በራሷ እጅ ነው፣ ስንት ሌሊት ምድጃው አጠገብ አድራ። ገምጋሚዎቹ ይህን አላዩም። ያዩት የጽሑፎቿን ርዕስ ብቻ ነው።

አሁን ይግባኝ ልታስገባ ነው። ሌላ አልጠይቅም፤ ይግባኙን ከሚያዩት መካከል ቢያንስ አንዱ የገጽ ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሰው ይሁን፣ ጽሑፎቿንም ከርዕሳቸው አልፎ ያንብብ።