እናቱ ያልሞተችበት ግልገል

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ደብረ ሲና ገብቼ እናቴ ቤት በሰነበትሁበት ጊዜ፣ ጎረቤት ተጠራርቶ ቡና ሲጠጣ «እዚያ አሜሪካ ከሥራሽ ሌላ ምን ትሠሪያለሽ?» ተብዬ ተጠየቅሁ። እኔም እናት ያጡ ሽኮኮዎችን ቨርጂኒያ ባለው ቤቴ አሳድጌ ወደ ዛፋቸው እንደምመልስ፣ ክፍያ እንደሌለውና ወተታቸውንም ከራሴ ኪስ እንደምገዛ ተናገርሁ። ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም የአክስቴ ልጅ «ሰው ወተት ባጣበት ዘመን?» አለኝ። በንግግሩ ክፋት አልነበረበትም፤ የኑሮውን ነገር በየገበያው የሚያይ ሰው ያነሣው ተገቢ ጥያቄ ነው። ያን ዕለት ግን በቅጡ አልመለስሁለትምና ይህን ትዝብት የምጽፈው አንድም ለእርሱ ነው።

አስቀድሜ ስሙን ላጥራ። በጣርማበር ገደል ሥር ያደገ ሰው ሽኮኮ ሲባል የሚታየው ጅራት የሌለው፣ ጧት ጧት ዐለት ላይ ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቅ፣ ዳዊትም በመዝሙሩ ዐለቱን መሸሸጊያው ያደረገለት እንስሳ ነው። አሜሪካኖች «ስኩዊረል» የሚሉት ግን ጠጉሩ ግራጫ፣ ጅራቱ እንደ ጭራ የተንዠረገገ፣ በዛፍ ላይ በቅጠልና በጭራሮ ጎጆ ሠርቶ የሚኖር፣ ከአይጥ ወገን የሚቆጠር ሌላ ፍጥረት ነው። ወደዚያ የሄድን ሐበሾች ሌላ ስም ስላላገኘንለት እርሱንም ሽኮኮ ብለነው ቀረን።

ይህ የዛፍ ሽኮኮ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ እንደገናም ከነሐሴ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወልዳል። በእነዚህ ወራት ሰዎች የግቢያቸውን ዛፍ ሲያስቆርጡ፣ ወይም ዐውሎ ነፋስ ግንዱን ሲገነድሰው፣ ጎጆው ከነግልገሎቹ ይወድቃል፤ ድመት በአፏ ይዛ የምታመጣውም አለ። እነርሱን ለመንከባከብ መልካም ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ከግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት፣ ሥልጠና መውሰድና ልምድ ካለው ሰው ሥር ሆኖ መማር ያስፈልጋል፤ እንስሳውን አላምዶ የቤት ማድረግም አይፈቀድም።

የመጀመሪያዋ ግልገል በእጄ የገባችበትን ሌሊት አልረሳውም። ዓይኗ ገና አልተገለጠም፤ በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሳስቀምጣት 60 ግራም መዘነች። ርቧታል ብዬ ወተት ለመበጥበጥ ስጣደፍ ያሠለጠኑኝ ሴትዮ በስልክ «መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ውኃ፣ ወተት በመጨረሻ» አሉኝ፤ የበረደው ሰውነት ወተት መፍጨት ስለማይችል የቀዘቀዘች ግልገል ብትጠጣ ትሞታለችና። ሰውነቷ ከሞቀ በኋላ፣ እኛ ሕይወት አድን እንደምንለው ያለ ፈሳሽ አስቀደምሁ፤ ከዚያም ለውሻ ቡችላ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት በጥብጬ፣ ከክብደቷ አምስት በመቶ አስልቼ፣ መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ 3 ሚሊ ሊትር ብቻ በጠብታ ሰጠኋት። የላም ወተት ለእነርሱ አይሆንም፤ ያስቀምጣቸውና ውኃቸውን አሟጥጦ ይገድላቸዋል። ስትጨርስ በሞቀ ውኃ የራሰ ጥጥ ይዤ ከሆዷ በታች በቀስታ አበስኋት፤ በዚህ ዕድሜ እናታቸው በምላሷ ካላነሣሣቻቸው ራሳቸውን ችለው መሽናት አይችሉም። ከሦስት ሰዓት በኋላ ተነሥቼ ሁሉንም እንደገና ከመጀመሪያው ሠራሁ።

ከሁሉ የከበደኝ አያያዙ ነበር። ግልገሏ በሆዷ ሆና፣ ራሷን ቀና አድርጋ መጥባት አለባት፤ በጀርባዋ ከተንጋለለች፣ ወይም ወተቱ ከፈጠነባት፣ ትን ይላትና ወደ ሳንባዋ ይገባል። በአፍንጫዋ ጫፍ አንዲት የወተት አረፋ ብቅ ስትል ልቤ ቀጥ ይላል፤ ያን አረፋ ከዚያ በፊት አውቀዋለሁ።

የእናቴ አገር ከወፍ ዋሻ ጫካ ግርጌ ነው፤ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ገደሉን ይዞ የወረደ፣ ጥዱና ኮሶው የተቀላቀለበት፣ በዳግማዊ ምኒልክ ስም የሚጠራው ጥቁር ድኩላ የሚኖርበት ጫካ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ከብት ሲጠብቅ ውሎ፣ ጎኑ ላይ ነጠብጣብ ያለበት የድኩላ ግልገል በጋቢው ጠቅልሎ አመጣ። ቁጥቋጦ ውስጥ ብቻውን ተኝቶ ስላገኘው እናቱን ነብር በልቷታል ብለን ፈረድን። አያቴ ሕፃን እንደሚጋት አድርገው ጭናቸው ላይ አንጋለሉትና የላም ወተት በእፍኛቸው ጋቱት፤ እግሩን ይዤ የነበርሁት እኔ ነኝ። ግልገሉ ሳለ፣ ወተቱ በአፍንጫው አረፋ ሆኖ ወጣ፣ ትንፋሹም እንደ ወናፍ ያፏጭ ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። አያቴ እንደ ሰው አለቀሱለት።

ዛሬ የማውቀው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። የድኩላ እናት ግልገሏን ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ደብቃ ለግጦሽ ትርቃለች፤ ጠረኑ አውሬ እንዳይጠራበት ኩሱን ሳይቀር ትበላለታለች፤ የምትመለሰው ልታጠባው ነው። እንግዲያስ ያ ግልገል ብቻውን መተኛቱ እናት ለማጣቱ ምልክት አልነበረም። በሕይወት ያለች እናቱ ስትፈልገው ያደረች ይመስለኛል፤ የሙት ልጅ ያደረግነው እኛ ነን።

ቨርጂኒያ ውስጥ ስልክ ደውሎ ሽኮኮ አገኘሁ ለሚል ሰው የምናቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «እናቱን ጠብቀዋታል ወይ?» የሚል ነው። የሽኮኮ እናት መለዋወጫ ጎጆ አላት፤ ግልገሎቹን በካርቶን አድርጎ፣ ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገባቸው አኑሮ፣ ካርቶኑን ሳይከድኑ ከዛፉ ሥር መተውና ሰውንም ውሻንም ማራቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ መጥታ አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ትወስዳቸዋለች። የሰው እጅ የነካውን እናቱ አትቀበለውም የሚለው አባባል እዚያም ይነገራል፤ ስለ ሽኮኮዋ ግን እውነት አይደለም። በቀን እንጂ በሌሊት የማትንቀሳቀስ ናትና፣ እስኪመሽ ካልመጣች ያን ጊዜ እናነሣቸዋለን። ያደጉትንም አንድ ላይ አድርገን፣ ዛፍ ላይ የእንጨት ጎጆ ሰቅለን፣ የሽቦ ቤታቸውን በር ከፍተን እንለቃቸዋለን።

በሁለቱ አገሮች መካከል የታዘብሁት ልዩነት የአዘኔታ አይደለም፤ አያቴን የመሰለ አዛኝ እዚያ አላየሁም። ልዩነቱ እዚያ የወደቀ ጎጆ ያገኘ ሰው የሚደውልለት ሌላ ሰው መኖሩ ነው። እዚህም ሕጉ አለ፤ ስለ ዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል። ሆለታ አጠገብም እንሰሳ ኮቴ የሚባል፣ የተጎዱና ከሰው እጅ የተወሰዱ የዱር እንስሳት የሚጠለሉበት ሥፍራ አለ፤ ከደብረ ሲና ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃልና ግልገል አቅፎ ለቆመ እረኛ እንደሌለ ይቆጠራል።

በሌላው በኩል ደግሞ የሰሜን ሸዋ ሰው አሜሪካኖች የሌላቸውን ነገር ይዟል። ጎረቤቴ ግቢው ውስጥ የነበረውን ትልቅ ዛፍ በመጋቢት ሲያስቆርጥ ማንም አልጠየቀውም፤ ግቢው የራሱ ነው፤ እኔ ከወደቀው ጎጆ አራት ግልገል ለቅሜ ገባሁ። በመንዝ ጓሳ የሣር ምድር ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ቄሮ በሚባለው የአገሬው የጥበቃ ሥርዓት ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ ይከርም ነበር፤ የሚከፈትበትን ቀን ሕዝቡ የመረጣቸው አለቆች ያውጃሉ፤ ሳይፈቀድ የገባ ይቀጣል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም ነዋሪው በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቁሞታል። መሬቱ የሚዘጋው ለቤት ክዳንና ለገመድ ለሚሆነው የጓሳ ሣር ተብሎ ነው፤ ነገር ግን ጭላዳውም፣ በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀረው ቀይ ቀበሮም በዚያው ሣር ተጠልለው ኖሩ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቼ በዓመት ከአሥር የማይበልጡ ግልገሎች አድናለሁ፤ የመንዝ ገበሬ ማጭዱን ሰቅሎ በመታገሡ ስንቱ ከእናቱ ሳይለይ እንዳደገ ሳስብ ያኮራኛል።

ለአክስቴ ልጅ ጥያቄ ያን ዕለት ከእኔ ቀድማ የመለሰችው እናቴ ናት። «አቡዬ ለተጠማችው ወፍ እንባቸውን ያጠጡ የለም ወይ?» አለችው፤ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በሥዕላቸው አንበሳና ነብር ከቧቸው ያላያቸው የደብሩ ልጅ የለምና ዝም አለ። እኔ የምጨምርለት ወተቱ ከማንም ሕፃን አፍ እንዳልተነጠቀ ነው፤ ለቡችላ የተዘጋጀ ዱቄት ነው። ዛፉን የቆረጠው ሰው ነው፤ ግልገሉን ከቁጥቋጦው ያነሣውም ሰው ነው፤ ስለዚህ መልሶ የማኖሩ ድካም የሌላ የማን ሊሆን እንደሚችል አይታየኝም።

ልመለስ አራት ቀን ሲቀረኝ የዚሁ የአክስቴ ልጅ ታናሹ ልጁ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከውስጡ ነጠብጣብ ያለበት ጎን እየታየ ወደ ግቢ ገባ። «እትዬ፣ እናት የለውም» አለኝ። ግልገሉ አልቆሰለም፤ አልቀዘቀዘም፤ ጆሮው ይንቀሳቀሳል። ወተት ከቤት እንዳይወጣ ከለከልሁና ሦስታችን፣ አባትየውም ጭምር፣ ወደተገኘበት ቁጥቋጦ ይዘነው ወጣን። ልጁ እንዳገኘው አድርጎ አስተኛው። ከወንዙ ማዶ ተቀምጠን ብርዱ እስኪያባርረን ድረስ ጠበቅን፤ ምንም አላየንም፤ አባትየው በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገረም።

በማግሥቱ ልጁ ከብቶቹን ሳያወጣ፣ ገና ውርጩ ሳይነሣ ሮጦ ሄዶ ተመለሰ። ትንፋሹ እየተቆራረጠ «የለም» አለን፤ «ደምም የለም። የተኛበት ላይ እጄን ሳደርግ ግን ሣሩ ይሞቃል።»