ለማይቀነጭረው ሪፖርት የቀረበ ውዳሴ

በአገራችን ለሕፃናት ከሚሠሩት ሥራዎች ሁሉ ተገቢውን ምስጋና ሳያገኝ የኖረው ቁጥር የመሰብሰብ ሥራችን ነው። ድልድይ ያስገነባ ሪባን ይቆረጥለታል፤ ትምህርት ቤት ያሠራ ስሙ በእብነ በረድ ላይ ይቀረጽለታል። የአንድን ሕፃን ክብደት ከጤና ኬላ ተቀብሎ በጤና ጣቢያ፣ በወረዳ፣ በዞንና በክልል በኩል እስከ ሚኒስቴር ያደረሰ ሰው ግን፣ በዚያ ሁሉ ጉዞ ቁጥሩን ለአንዳች ጉዳይ የተጠቀመበት አካል እንዳልነበረና ንጽሕናው እንደተጠበቀ መግባቱ እየታወቀ፣ አንድም ቀን አልተጨበጨበለትም። ይህ ጽሑፍ ያንን የቆየ ዕዳ ለመክፈል የተሰናዳ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከሚዛኑ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት ሠራተኞች ከሚያከናውኗቸው ብዙ ተግባራት አንዱ ከሁለት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት በየወሩ መዝኖ ክብደታቸውን በእድገት መከታተያ ካርድ ላይ በነጥብ ማስፈር ነው። ካርዱን የነደፉት ባለሙያዎች ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ የዚህ ወር ነጥብ ካለፈው ወር ነጥብ ጋር ሲያያዝ መስመሩ ወደ ላይ ካልወጣ፣ ሕፃኑ ገና ብዙ ሳይጎዳ እናቱን ቁጭ አድርጎ ምን እንደሚመገብ፣ ተቅማጥ ይዞት እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሚጠባ መጠየቅና አብሮ መላ መፈለግ ይቻላል የሚል ነው። እኛ ግን ለካርዱ ከዚህ የላቀ ጥቅም አገኘንለት። ወደ ላይ የሚላከው ቅጽ አጥብቆ የሚፈልገው ስንት ሕፃናት እንደተመዘኑና ከእነርሱም ስንቶቹ ክብደታቸው ዝቅተኛ ሆኖ እንደተገኘ ነው፤ ለሦስት ወር መስመሯ ንቅንቅ ስላላለው ልጅ ማን ምን አደረገ ብሎ አይነዘንዝም። በዚህ ጥበብ ሚዛን ላይ መውጣት ራሱን የቻለ አገልግሎት ሊሆን በቃ። ልጅቱ ከሚዛኑ ወርዳ በእናቷ ጀርባ ወደ ቤቷ ስትመለስ የምትወስደው ነገር ባይኖርም፣ ቁጥሯ ግን በየደረጃው ማኅተም እየተመታለት በክብር ተሸኝቷል።

በክንድ መለኪያ ጥብጣቡም ረገድ ያሳየነው ፈጠራ ሊደነቅ ይገባል። ጥብጣቡ ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ በምግብ እጥረት መጎዳት አለመጎዳቱን የሚናገረው የክንዱን ዙሪያ ለክቶ ነው፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ሴንቲ ሜትር ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ያሳያል፤ ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ በዓይኗ አይታ የምትረዳው መሣሪያ ነው። እነዚያኑ ሦስት ቀለሞች ወስደን የየወረዳውን ሪፖርት ሁኔታ በቀለም በሚያሳየው የቢሮው የኮምፒውተር ገጽ፣ በዳሽቦርዱ ላይ፣ ከሰቀልናቸው በኋላ ግን ትርጉማቸው በጣም ተሻሽሏል። በዳሽቦርዱ ላይ አረንጓዴ ማለት የወረዳው ሪፖርት በጊዜው ገባ፣ ሳጥኖቹም ሁሉ ተሞሉ ማለት ሊሆን ይችላል። በአንድ ወረዳ የቀይ ክንዶች ቁጥር በአንድ ወር ውስጥ በእጥፍ ቢጨምርና ይህንኑ የሚገልጸው ሪፖርት ቀኑን ሳያሳልፍ ቢደርስ፣ ወረዳው በወቅታዊነትና በምሉዕነት አረንጓዴ ሆኖ ያድራል፤ የምስጋና ደብዳቤም ቢጻፍለት የሚደነቅ የለም።

ይህ ሁሉ ያለ ዕቅድ የመጣ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎቹ አንዱን የመረጃ አብዮት ብሎ ሰይሞት ነበር። አብዮቱ ሁለት እግር ነበረው፤ አንደኛው መረጃን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ማሸጋገር፣ ሁለተኛው መረጃን የመጠቀም ባህል ማዳበር። የመጀመሪያው እግር በሚገባ ተራምዷል፤ ታብሌት ተከፋፍሏል፤ ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው፣ የጤና ሪፖርቶችን በኮምፒውተር የሚሰበስበው ሥርዓት ተዘርግቷል፤ ቀድሞ በአቧራማ መዝገብ ቤት ተኝቶ ይኖር የነበረው ቁጥር ዛሬ በዘመናዊ ሰርቨር ላይ ተመችቶት ይተኛል። ሁለተኛው እግር ቢዘገይም ሊፈረድበት አይገባም፤ ባህል በአንድ ቀን አይለወጥም፣ በተለይ የሚለወጠው ባህል የእኛ ሲሆን።

ከሂሳብ አኳያ ያስመዘገብነው ድል ደግሞ ሌሎች አገሮች ሊማሩበት የሚገባ ነው። የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተላልፏል። ስለዚህ አንድ ወረዳ ከአንድ ዓመት በታች ስንት ሕፃናት እንዳሉት የሚያውቀው ከዚያ ቆጠራ ተነሥቶ በተሠራ ትንበያ ነው፤ ስንቱን እንደከተበ የሚያውቀው ግን ከራሱ መዝገብ ነው። የተከተቡት ቁጥር በትንበያው ሲካፈል ውጤቱ አንዳንድ ጊዜ ከ100 በመቶ አልፎ ይሄዳል። ተራ አስተዋይ ሰው ይህን ቢያይ ወይ ትንበያው አንሷል፣ ወይ መዝገቡ አብጧል ብሎ ሊጠራጠር ይችላል፤ እኛ ግን ከተወለዱት የሚበልጡ ሕፃናትን የከተበ ወረዳ አግኝተን ስናበቃ እንዲህ ያለ ነውር አንናገርም፤ ከዕቅድ በላይ ፈጸመ ብለን እናልፋለን። ችግር የሚፈጥሩት ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችን የሚጠይቁና የክትባት ካርድ የሚያገላብጡ አጥኚዎች ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ12 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት መካከል አምስት በሽታዎችን በአንድ ላይ የሚከላከለውን የፔንታቫለንት ክትባት ሦስተኛ ዙር ያገኙት 53 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ፣ በዚያው ዘመን ከየደረጃው የተጠናቀረው ሪፖርት ግን ከ90 በመቶ በላይ ይል ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የጠፉት ሕፃናት የት እንዳሉ መፈለግ አድካሚ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ቁጥሮች በየመጽሔታቸው አክብረን አስቀመጥናቸው።

ዕድሜን በተመለከተም እንዲሁ ነው። አንድ ልጅ መቀንጨሩ የሚታወቀው ቁመቱ ከዕድሜው ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ለዚህም ዓለም አቀፉ መመሪያ እጅግ ጥንቁቅ ነው፤ ከሁለት ዓመት በታች ያለው ልጅ ተጋድሞ፣ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ እንዲለካ ያዛል፤ በሁለቱ አለካክ መካከል ያለችውን የ0.7 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ሳይቀር እንድናስተካክል ያሳስባል። እኛም ሰባቷን ሚሊ ሜትር በጥንቃቄ ካስተካከልን በኋላ ወደ እናቲቱ ዞረን ልጁ መቼ እንደተወለደ እንጠይቃለን፤ እርሷም «በጥምቀት ሰሞን ነው፣ ጎርፉ በመጣ በዓመቱ ይመስለኛል» ትለናለች። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት በተሰበሰበው መረጃ መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው ከ100 ውስጥ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የእናቶች ትዝታ ያለ በጀትና ያለ አበል ይህን ያህል ዓመት መዝገብ ቤት ሆኖ ማገልገሉ ለብቻው ውዳሴ የሚገባው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የምኮራው በመቀንጨር ቁጥሮቻችን ነው። በዚያው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት የቀነጨሩት በ1992 ዓ.ም. 58 በመቶ፣ በ1997 ዓ.ም. 51፣ በ2003 ዓ.ም. 44፣ በ2008 ዓ.ም. 38 በመቶ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት ደግሞ 37 ሆኑ። በመካከሉ፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቆም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተገብቷል። በየአምስት ዓመቱ ስድስትና ሰባት ነጥብ ይወርድ የነበረው ቁጥር ከቃል ኪዳኑ በኋላ በተለካባቸው ሦስት ዓመታት ለምን በአንድ ነጥብ ብቻ ወረደ ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ምናልባት የጥናቱ ስፋት፣ ምናልባት ድርቁ፣ ምናልባት ሌላ። ነገር ግን ጥያቄ ባነር ላይ አይጻፍም። ባነር ላይ የሚያምረው ከ58 ወደ 37 የሚወርደው ቀስት ነው። አንድ ልጅ የሚድንባት ወይም የሚጎዳባት ወቅት ከጽንስ ጀምሮ ወደ 1,000 ቀን ገደማ ስትሆን፣ ሙሉው ጥናት ግን በየአምስት ዓመቱ ገደማ የሚመጣ በመሆኑ፣ በአንዱ ጥናት የተለካው ሕፃን በሚቀጥለው ጥናት ወቅት ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በመካከሉ ባሉት ዓመታት በብዙ ጤና ኬላዎች የሚለካው ክብደትና ክንድ እንጂ ቁመት ስላልሆነ፣ መቀንጨርን ሊያስቆም ቃል የገባው ወረዳ መቀንጨርን ከነጭራሹ ሳያይ በሰላም ይሠራል። ልጁ ቢቀነጭርም ሪፖርቱ በየሩብ ዓመቱ በገጽም በቀለምም ሲያድግ ታይቷል።

የትምህርቱን ዘርፍም ባጭሩ ላውሳ። የቅድመ መደበኛ ትምህርቱ ፖሊሲ ማዕቀፍ በ2002 ዓ.ም. ሲወጣ የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አንድን ልጅ በጋራ ሊያሳድጉ ተስማምተው ነበር። ዛሬ ጤናው ልጁን በክትባት መዝገብ፣ ትምህርቱ ከአንደኛ ክፍል በፊት ባለው በኦ ክፍል መዝገብ፣ ሦስተኛው ደግሞ በሕፃናት ማቆያ መዝገብ ያውቀዋል፤ ሦስቱ መዝገቦች እርስ በርስ አይተዋወቁም። በመስከረም የተመዘገበው ልጅ በሚያዝያ ክፍል ውስጥ መኖር አለመኖሩ የተመዘገቡትን ብቻ ለሚቆጥረው የጥቅል ተሳትፎ ስሌት አስፈላጊ ባለመሆኑ አይጠየቅም።

እነዚህ ሁሉ ቁጥሮች በመጨረሻ የሚሰበሰቡት በግምገማ መድረክ ነው፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ። ቁጥሮቹ በፓወርፖይንት ይቀርባሉ፤ ፊደሉ ከኋላ ለተቀመጠው አይታይም፣ ከፊት የተቀመጠው ስልኩ ላይ ነው። አቅራቢው «ይህን ስላይድ እናውቀዋለን፣ እንለፈው» ይላል፤ በእርግጥም እናውቀዋለን፣ ባለፈው ዓመትም ያለፍነው ይኸው ስላይድ ነበር። ከሻይ በኋላ በቡድን ውይይት ይደረግና «የመረጃ ጥራት ችግር አለ» የሚል ድምዳሜ ላይ ይደረሳል። ይህ ድምዳሜ ያለው ውበት ማንንም የማይነካ መሆኑ ነው፤ መረጃው ጥራት እስኪያገኝ ድረስ በመረጃው መሥራት ስለማይቻል፣ ማንም በመረጃው ስለማይሠራም ጥራቱን የሚፈልግ ስለማይገኝ፣ ለሚቀጥለው መድረክ አጀንዳ አስቀድሞ ይዘጋጃል።

ይህን ሥርዓት የሚያውኩ ጥቂት ሰዎች አይጠፉም። በየቀበሌው አንዳንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የራሳቸውን መዝገብ ወደ ላይ ከመላካቸው በፊት ገልጠው የማንበብ መጥፎ ልማድ አላቸው። እንዲህ ያለችው ሠራተኛ በወሩ መጨረሻ መስመራቸው የተኛ አራት አምስት ልጆችን ስም በቁራጭ ወረቀት ትጽፍና ማንም ሳያዛት ቤታቸው ትሄዳለች፤ አንዷ እናት ውኃ ለመቅዳት ስትሄድ ሕፃኑ ለስምንት ዓመት እህቱ እንደሚተው ታገኛለች፤ ሌላዋ ለልጇ ቀጭን አጥሚት ብቻ እንደምትሰጥ ትሰማና ከጎረቤት እንቁላልና ሽሮ አስመጥታ ገንፎውን አብራት ታገነፋለች። በሚቀጥለው ወር የሁለቱ ልጆች መስመር ከፍ ይላል። ይህ ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ ቦታ የለውም፤ የሚታየው ሪፖርቷ በሦስት ቀን መዘግየቱና ቀበሌዋ በዳሽቦርዱ ላይ መቅላቱ ነው። ስለዚህ ወረዳው ይጠራታል፤ ጥፋቷን ከመረመረ በኋላም ሩኅሩኅ በመሆኑ ቅጣት ሳይሆን ሥልጠና ይወስንላታል፤ መረጃን ለውሳኔ መጠቀም በሚል ርእስ ለአምስት ቀን፣ አዳማ፣ ከነአበሉ።