250 ሺህ ሥራ የት ገባ?

ስኮት ዎከር እ.ኤ.አ. በ2010 ለአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት አገረ ገዥነት ሲወዳደር "በመጀመሪያው የሥራ ዘመኔ 250 ሺህ ሥራ ይፈጠራል" ብሎ ቃል ገባ። አራት ዓመቱ አለቀ፣ ቁጥሩ ግን አልሞላም። እሺ ይሁን፣ ቃሉን የሚጠብቅ ፖለቲከኛ ከየት ይመጣል! እኔን ያንገበገበኝ ዎከር ከታይዋኑ የኤሌክትሮኒክስ አምራች ከፎክስኮን ጋር የተዋዋለው የፋብሪካ ነገር ነው። 13 ሺህ ሰው ይቀጠራል ተብሎ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ድጎማ ተፈቀደ፣ ፋብሪካው ይሠራበታል በተባለው ማውንት ፕሌዛንት ላይ ስንቱ ከገዛ ቤቱ ተነሳ፣ በ2018 ትራምፕ ሳይቀር መጥቶ በወርቃማ አካፋ አፈር ዛቀ። ከዚያስ? በ2021 ውሉ ተከለሰና 13 ሺሁ ወደ 1,454 ወረደ! ያ ሁሉ ሽር ጉድ ለዚህ ነበር? ደግሞ እኮ ዎከር በዚያው በ2018፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ምረጡኝ ብሎ ወጣ። ደግነቱ ተሸነፈ።